ሞደሙ የት ጋ ነው የቆመው? በሊኑክስ ላይ የዶንግል ችግር አፈላለግ

(በኮዬ ፈጬ፣ ሊኑክስ ለሚጠቀሙና ለመጀመር ለሚያስቡ የሰፈሩ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን፣ ከጀሞም ጭምር የመጣችሁ አላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ዶንግል ነው። ሲም ካርድ የሚገባበት፣ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካው የዩኤስቢ ሞደም። መሃል ከተማ ያለ ሰው ሞደም እምቢ ቢለው የቢሮ ዋይፋይ አለው፣ ካፌ ገብቶ ቁጭ ይላል። እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ያለንበት ብሎክ ድረስ የቤት ኢንተርኔት መስመር አልደረሰም። ኢንተርኔታችን ወይ ሞደም ነው ወይ የስልክ ሆትስፖት ነው። ሞደሙ ሲቆም ትምህርቱም፣ የሥራ ማመልከቻውም፣ የደንበኛ ሥራም አብሮ ይቆማል።

ሊኑክስን፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሲስተም፣ የጫነ ሰው ሞደሙ አልሠራ ሲለው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር ይታወቃል። «ድራይቨር የለውም፤ ፎርማት አድርገህ ዊንዶውስ መልስበት።» ይህን የተባለ እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ የክፍሉ ግማሽ ነው።

እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ድራይቨሩ፣ ማለትም ሲስተሙ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም፣ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ከርነል የሚባለው የሊኑክስ እምብርት ውስጥ ገብቶ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ነው የመጣው። የሚቸግረው ሥራው የት ጋ እንደቆመ አለማወቅ ነው። ሲስተሙ ደግሞ ከጠየቁት ይናገራል፤ የሚናገረውን ማንበብ ከቻላችሁ ላፕቶፕ ፎርማት የሚያስደርግ ነገር የለም።

ነገሩ ከኮዬ ፈጬ ፒያሳ እንደመሄድ ነው። በአንድ ታክሲ አይደረስም፤ ትቀያይራላችሁ። የምትጠብቁት ሰው ሲዘገይ ደውላችሁ «የት ደረስክ?» ትላላችሁ እንጂ «በቃ አይመጣም» ብላችሁ በር አትዘጉም። ሞደምም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ዩኤስቢው ዕቃውን ማየት አለበት። ቀጥሎ ዕቃው ሞደም ነኝ ማለት አለበት። ከዚያ ከርነሉ ድራይቨር ይመድብለታል። ከዚያ ሞደም ማናጀር የሚባለው ፕሮግራም ያናግረዋል። ሲሙ ይነበባል፣ ኔትወርክ ይይዛል፣ ኤፒኤን (የኦፕሬተሩ ኢንተርኔት መግቢያ ስም) ይገባል፣ መጨረሻ ላይ አይፒ አድራሻ ይመጣል። ከነዚህ አንዱ ጋ ሲቆም ስክሪኑ ላይ የምናየው ያው ነው፤ ኢንተርኔት የለም። መፍትሔው ግን እንደቆመበት ቦታ ይለያያል።

አንድ ማስታወሻ። ኮማንዶቹን፣ ማለትም ለላፕቶፑ በጽሑፍ የምንሰጣቸውን ትዕዛዞች፣ በአጠራራቸው ነው የምጠራላችሁ። ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ትንሹ ፊደል ጻፏቸው። ትልቅ ፊደል የሚፈልግ ሲኖር እናገራለሁ።

ላፕቶፑ አይቶታል ወይ?

ተርሚናል (ኮማንድ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና «ኤልኤስዩኤስቢ» ብላችሁ ጻፉ። ላፕቶፑ ላይ የተሰኩት የዩኤስቢ ዕቃዎች በሙሉ በየመስመሩ ይወጣሉ። ካሜራው አለ፣ ማውሱ አለ። ሞደሙ ከተሰካ ደግሞ «12ዲ1፡1446» ዓይነት ቁጥር ያለው መስመር ታያላችሁ። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው የአምራቹ ቁጥር ነው፣ በኋላ ያለው የዕቃው። 12ዲ1 ሁዋዌ ነው። 19ዲ2 ዜድቲኢ ነው። እኛ ጋ በብዛት የምታገኟቸው እነዚህን ሁለቱን ነው። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2013 ለኔትወርክ ማስፋፊያ ከነዚሁ ከሁለቱ ኩባንያዎች ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል እንደገባ ታስታውሱ ይሆናል። ታወሩም ዶንግሉም ከአንድ ቤት ነው የሚመጣው ማለት ይቻላል።

ይቺን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፏት። ሞደሙ ጀርባ ላይ ካለው ጽሑፍ ይልቅ የምትጠቅማችሁ እሷ ናት። ሰው እርዳታ ስትጠይቁም «ሞደሜ አይሠራም» ከማለት ቁጥሯን ብትነግሩት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

መስመሩ ጨርሶ ከሌለ ስለ ድራይቨር ማሰብ አያስፈልግም። ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ፣ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሞክሩ። የትም ካልታየ ሞደሙ ራሱ ሞቷል።

ሞደሙ «ሲዲ ነኝ» ሲል

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው።

ብዙዎቹ ዶንግሎች ሲሰኩ መጀመሪያ ሞደም ነኝ አይሉም። ሲዲ ነኝ ነው የሚሉት። ዊንዶውስ ላይ «ሞባይል ፓርትነር» የሚል ፕሮግራም ብቅ ሲል የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። እሱ የሚወጣው ከዚያ ሲዲ ነው። አምራቹ የዊንዶውሱን ድራይቨር በሞደሙ ሆድ ውስጥ አስቀምጦታል። ፕሮግራሙ ኢንስቶል ከሆነ በኋላ ለሞደሙ «አሁን ሞደም ሁን» የሚል አጭር መልእክት ይልክለታል፤ ሞደሙም ይቀየራል።

ከኋላ ጋሼ ጥሩ ጥያቄ አነሱ። «ታዲያ ዊንዶውስ ላይ ለምን ዝም ብሎ ይሠራል?» አሉ። ጋሼ፣ መልሱ ይኸው ነው። ዊንዶውስ ስለበለጠ አይደለም። ያንን መልእክት የሚልከው ፕሮግራም ለዊንዶውስ ተብሎ ሞደሙ ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። ለሊኑክስ ያስቀመጠለት የለም።

ሊኑክስ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚባል ፕሮግራም ነው። ጆሱዋ ዲትዘ የተባለ ፕሮግራመር ነው የጻፈው። በዓለም ዙሪያ ያሉ ተጠቃሚዎች ደግሞ የየሞደማቸውን ቁጥርና መልእክት እየላኩለት ዝርዝሩ አድጓል። አምራቾቹ ያልሠሩትን ተጠቃሚዎቹ ተረባርበው ሠሩት። ለዚህ ሥራ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

አሁን በዓይናችሁ እዩት። ሞደሙን ንቀሉት። ተርሚናል ላይ «ሱዶ ዲሜስግ ሰረዝ ደብሊው» በሉ። ሱዶ «በአስተዳዳሪ ሥልጣን አሠራልኝ» ማለት ነው፤ ዲሜስግ ደግሞ ከርነሉ የሚናገረውን እዚያው በዚያው ያሳያል። አሁን ሰኩት። መጀመሪያ «ኒው ዩኤስቢ ዲቫይስ ፋውንድ» ይላል፤ አጠገቡ 12ዲ1 እና 1446 አሉ። ቀጥሎ «ዩኤስቢ ማስ ስቶሬጅ ዲቫይስ ዲቴክትድ»። ቀጥሎ «ሲዲ-ሮም» የሚል ቃል ከሁዋዌ ስም ጋር። እዚህ ድረስ ሞደሙ ገና ሲዲ ነው። ትንሽ ቆይቶ «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት» ይላል። አትደንግጡ፤ የወጣው መልኩን ቀይሮ ሊመለስ ነው። ሲመለስ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ 1446 የነበረው 1001 ወይም 1506 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ የምንጠብቀው መስመር ይመጣል፦ «ጂኤስኤም ሞደም ዋን ፖርት ኮንቨርተር ዲቴክትድ»። ቀጥሎ የሞደሙ ወደቦች ይመጣሉ፦ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0»፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ 2። እነዚህን ካያችሁ ድራይቨር አለ የለም የሚለው ክርክር አበቃ። ተመድቧል።

ሲዲው ላይ ከቆመና ካልተቀየረ ግን ሁለት የሶፍትዌር ፓኬጅ መኖራቸውን እዩ። አንዱ ዩኤስቢ ሞድስዊች ራሱ ነው፣ ሌላው የሞደሞቹን ዝርዝር የያዘው የዳታ ፓኬጅ ነው። ፕሮግራሙ ኖሮ ዝርዝሩ አሮጌ ከሆነ አዲስ ሞደም አያውቅም። በእጅ መላክም ይቻላል። ለሁዋዌ «ሱዶ ዩኤስቢ_ሞድስዊች ሰረዝ ቪ 12ዲ1 ሰረዝ ፒ 1446 ሰረዝ ጄ» ትላላችሁ፤ መጨረሻ ያለችው ጄ ትልቋ ፊደል ናት። ብዙ የዜድቲኢ ሞደሞች ደግሞ ሲዲውን «ኢጀክት» ማድረግ ብቻ ይበቃቸዋል። ሲዲው ሲወጣ ሞደሙ ይመጣል።

የትኛው ድራይቨር?

«ኤልኤስዩኤስቢ ሰረዝ ቲ» ብትሉ እያንዳንዱ ዕቃ የትኛው ድራይቨር እንደተመደበለት በዛፍ መልክ ያሳያችኋል። ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ።

የመጀመሪያው «ኦፕሽን» የሚል ነው። በሞደም ዓለም አንጋፋው ድራይቨር እሱ ነው። ስሙ የመጣው ኦፕሽን ከተባለ የቤልጂየም ኩባንያ ካርዶች ነው፤ አሁን ግን የብዙ አምራቾችን ሞደም ያስተናግዳል። ሞደሙን እንደ ሁለት ሦስት የሲሪያል ወደብ ያቀርበዋል። አንዱ ዳታ ያስተላልፋል፣ ሌላው ትዕዛዝ ይቀበላል።

ሁለተኛው «ሲዲሲ ኢተር» ነው። ይህ ሲመጣ ሰው ግራ ይገባዋል። የሁዋዌ ኢ3372 ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሃይሊንክ ይባላሉ። ሞደሙ ውስጡ ትንሽ ራውተር አለ። ላፕቶፑ የሚያየው ሞደም ሳይሆን የኔትወርክ ገመድ የተሰካ ይመስለዋል። ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሞባይል ብሮድባንድ» የሚለውን ብትፈልጉ አታገኙትም። ይህን አይቶ ድራይቨር ጠፋ ብሎ ስንቱ ፎርማት አድርጓል! ብሮውዘር ክፈቱና 192.168.8.1 ብላችሁ ጻፉ። የሞደሙ የራሱ ገጽ ይመጣል። ኤፒኤኑም፣ የሲሙ ፒንም፣ የኔትወርኩ ጥንካሬም እዚያ ነው ያለው። ከሊኑክስ በኩል የሚስተካከል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው «ኪውኤምአይ ደብሊውዋን» ወይም «ሲዲሲ ኤምቢም» ነው። የፈጣኖቹ የ4ጂ ሞደሞችና ላፕቶፕ ውስጥ የሚገጠሙት ካርዶች ናቸው። ኪውኤምአይ ደብሊውዋንን ቢዮርን ሞርክ ነው የጻፈው፤ ከርነል 3.4 ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ገባ። ከዚያ በፊት ያለ ከርነል የሚጠቀም እዚህ እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ።

አሮጌ ቲንክፓድ ገዝታችሁ ውስጡ የሲም ማስገቢያ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ እነዚያ ካርዶች ሌላ ጣጣ አላቸው። አንዳንዶቹ ሞደም ማናጀር ላይ ይታዩና ሬዲዮአቸው አልከፈት ይላል። ካርዱ ትክክለኛው ላፕቶፕ ላይ መሆኑን ካላረጋገጠ አይነሳም፤ መክፈቻው ከአምራቹ ወይም ከሞደም ማናጀር ጋር ከሚመጡት ስክሪፕቶች ይገኛል። ፊቦኮም ኤል850 የሚል ካርድ ያላችሁ ደግሞ ለብቻችሁ አናግሩኝ፤ ሥራው ረዘም ያለ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ

አሁን በቅርብ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ቱሉ ዲምቱ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጥ ወዳጅ አለኝ። ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ የጫነው በቫይረስ ተማሮ ነው። በቀን ስንት ሰው ፍላሽ ይሰካበታል፤ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ያድራል። ኡቡንቱ ከጫነ ወዲህ ከዚያ ተገላገለ። ሞደሙ ግን እየተቋረጠ አስቸገረው። ይገናኛል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ይጠፋል። ደንበኛ ኢሜይል ላኩልኝ ብሎ ቆሞ እየጠበቀ ይጠፋል። «የሊኑክስ ድራይቨር ነው» ብለው ብዙ ሰዎች ነግረውታል።

ዲሜስጉን ከፍተን ተቀመጥን። ሲጠፋ ጠብቀን አየነው። «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት»። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ እንደገና «ኒው ዩኤስቢ ዲቫይስ»፣ ያውም በሲዲው ቁጥር። ይህ ብዙ ይናገራል። ድራይቨር ቢበላሽ ኖሮ ሞደሙ እንደተሰካ ሆኖ ስህተት ይጽፍ ነበር። ይሄኛው ግን ከዩኤስቢው ላይ ጨርሶ ወጥቶ እንደ አዲስ ነው የተነሳው። መብራት ጠፍቶ እንደመጣ ዕቃ ማለት ነው።

ሞደሙን በዓይኔ ፈለግኩት፤ ላፕቶፑ ላይ የለም። ከላፕቶፑ ቀጭን ጥቁር ገመድ ይወጣል፣ በግድግዳው ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ሌላ ገመድ ተቀጥሎበታል። ሞደሙ የመስኮቱ ብረት ላይ በፕላስተር ታስሯል። ሱቁ የቆርቆሮ በር ያለው ጓዳ ነው፤ ውስጥ ሲሆን ኔትወርክ አይገባም። ስለዚህ ወደ መስኮት አወጣው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ገመዱ ነው ያልቻለው።

ልብ በሉ። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው ቢበዛ 500 ሚሊአምፒር በ5 ቮልት ነው፤ 2.5 ዋት ማለት ነው። ዩኤስቢ 3 ላይ 900 ሚሊአምፒር ይደርሳል። ሞደም ደግሞ ታወር ሲርቀው የማስተላለፊያ ኃይሉን ይጨምራል። ወደ 2ጂ ከወረደ በጣም ለአጭር ጊዜ፣ በየመሃሉ እስከ 2 ዋት ድረስ ይልካል። በዚያች ቅጽበት የሚስበው ኤሌክትሪክ ከፍ ይላል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ሞደሙ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ዩኤስቢ 2 ራሱ ከ5 ሜትር በላይ ገመድ አይፈቅድም። እንደ እኛ ከከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ሁለቱም ይደራረቡበታል። ታወር ይርቀዋል፣ ስለዚህ ሞደሙን በገመድ ያወጣዋል። መሃል ከተማ ላይ የሚሠራው ያው ሞደም እዚህ ሲመጣ «የሊኑክስ ችግር» ይሆናል።

ገመዱን አነሳን። ላፕቶፑ ራሱ ወደ መስኮቱ ዞረና ሞደሙ በአጭር፣ ወፍራም ገመድ ተሰካ። ያ መቋረጥ ቀረ። ላፕቶፑን ማዞር የማይችል ሰው የራሱ ቻርጀር ያለው የዩኤስቢ ሃብ ከሞደሙ አጠገብ ማድረግ ይችላል።

ሲምና ኔትወርክ

ድራይቨሩ ተመድቦ ከሆነ ቀጣዩ ጠያቂ ሞደም ማናጀር ነው። «ኤምኤምሲኤልአይ ሰረዝ ኤል» በሉ፤ ኤሏ ትልቋ ናት። ሞደሙ ከነቁጥሩ ይወጣል። ከዚያ «ኤምኤምሲኤልአይ ሰረዝ ኤም 0» ብትሉ ዝርዝሩን ያመጣል። «ስቴት» የሚለውን መስመር ፈልጉ። «ፌይልድ» ብሎ አጠገቡ «ሲም ሚሲንግ» ካለ ሲሙ በትክክል አልተቀመጠም። ናኖ ሲም በአዳፕተር የምታስገቡ በተለይ ተጠንቀቁ፤ አዳፕተሩ ትንሽ ከተንሸራተተ ሞደሙ ሲሙን አያገኘውም። «ሎክድ» ካለ ፒን ይፈልጋል። «ሰርቺንግ» ላይ ከቀረ ኔትወርክ እየፈለገ ነው። «ሬጂስተርድ» ካለ ታወሩ ተቀብሎታል፤ እዚያ ድረስ የመጣ ሞደም የድራይቨር ችግር የለበትም። ኦፕሬተሩንም በቁጥር ያሳያል፦ 63601 ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ 63602 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ። በአንዱ ኦፕሬተር ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ ዶንግል ውስጥ የሌላውን ሲም ብትጨምሩ አይቀበልም። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሲም መቀያየር ተለምዷል፤ አሮጌ ዶንግል ያላችሁ ይህን አስቡ።

ከሞደሙ ጋር ቀጥታ ማውራት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ያስደስታችኋል። መጀመሪያ ሞደም ማናጀርን አስቁሙት፣ አለዚያ ወደቡን ይሻማችኋል። ከዚያ «ሚኒኮም» ወይም «ፒኮኮም» በሚባል ፕሮግራም አንዱን የቲቲዋይ ዩኤስቢ ወደብ ክፈቱ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካላችሁ ራሳችሁን «ዳይልአውት» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡና ወጥታችሁ ግቡ። አሁን «ኤቲ» ብላችሁ ኢንተር ምቱ። ሞደሙ «ኦኬ» ይላል። ይህ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1981 በሄይስ ኩባንያ ሞደም ላይ ከተጀመረው የመጣ ነው፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። «ኤቲ+ሲኤስኪው» ብትሉ የሲግናሉን ጥንካሬ ከ0 እስከ 31 ባለው ቁጥር ይነግራችኋል። ቁጥሩን በ2 አባዙና ከ113 ቀንሱ። 10 ካላችሁ ከ113 ላይ 20 ሲቀነስ 93 ነው፤ ሲግናላችሁ ኔጌቲቭ 93 ዲቢኤም ነው ማለት ነው። 99 ካለ አላወቀውም። ሞደሙን ከክፍል ክፍል እያዘዋወራችሁ ይቺን ቁጥር ብታዩ ቤታችሁ ውስጥ ኔትወርክ የሚገባበትን ቦታ በግምት ሳይሆን በልክ ታገኙታላችሁ።

የኢንተርኔቱ ጫፍ

ሬጂስተርድ ሆኖ ኢንተርኔት ከሌለ መጀመሪያ ከኦፕሬተሩ የገዛችሁትን የኢንተርኔት ፓኬጅ እዩ። በእውነት ነው የምለው፤ ሰው ድራይቨር ሲያሳድድ ያልቃል፣ ያለቀው ፓኬጁ ነው። የሲሪያል ሞደም (ኦፕሽን ድራይቨር የተመደበለት) ከሆነ ስልክ ላይ ሲሙን መክተት አያስፈልግም። «ኤምኤምሲኤልአይ ሰረዝ ኤም 0» ካላችሁ በኋላ ሁለት ሰረዝ «3ጂፒፒ-ዩኤስኤስዲ-ኢኒሼት» ጨምራችሁ፣ እኩል ይሆናል ምልክት አድርጋችሁ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ *804# ስጡት። ቀሪ ሂሳባችሁ ተርሚናሉ ላይ ይመጣል።

ከዚያ ኤፒኤን። ለኢትዮ ቴሌኮም «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» ነው፣ በትንሹ ፊደል፣ መሃሉ ክፍት ቦታ ሳይኖር። ዩዘርኔምና ፓስወርዱ ባዶ ይሁን። መደወያ ቁጥር ከጠየቀ *99#። ከተገናኘ በኋላ ገጽ አልከፈት ካለ «ፒንግ 8.8.8.8» ብላችሁ ሞክሩ። ከመለሰ መስመሩ አለ፤ የጎደለው የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው። የኔትወርክ ሴቲንጉን በሚይዘው ኔትወርክ ማናጀር በሚባል ፕሮግራም ውስጥ በእጅ ስጡት።

ደግሞ አንድ ነገር። ላፕቶፑ ኢንተርኔት ከሌለው ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ከቆየ፣ ሊኑክስ ሞደሙን ትቶ በዋይፋዩ ሊወጣ ይሞክራል። ኔትወርክ ማናጀር ለገመድ 100፣ ለዋይፋይ 600፣ ለሞደም 700 የሚል ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ ያነሰው ይቀድማል። ዋይፋዩን አጥፉት፣ በቃ።

ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ሲያስፈልግ

ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ እሰማለሁ። የሶፍትዌር ፓኬጅ ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ፓኬጁ ያስፈልጋል። የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ዩኤስቢ ሞድስዊችንና ሞደም ማናጀርን ይዞ ነው የሚመጣው። ዴቢያን የሚባለውን ሌላ ሊኑክስ በትንሹ የጫናችሁ ግን ላይኖራችሁ ይችላል። መውጫው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ፣ ስልኩ ላይ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ክፈቱ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ የሚጫን ነገር የለውም። የሚያስፈልጉት ሦስት ፓኬጆች፣ ሁለቱ የሞድስዊችና ሞደም ማናጀር፣ ትንንሽ ናቸው፣ ብዙ ዳታ አይበሉም። ያወረዳችሁትን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ጎረቤትም ሊፈልገው ይችላል።

ቁጥሩን ድራይቨሩ ካላወቀው

የመጨረሻው ጉዳይ ይህ ነው፤ እኔ በጣም የምወደውም ክፍል ነው። አንዳንዴ ሞደሙ ከሲዲ ወጥቶ ተቀይሮ፣ «ኤልኤስዩኤስቢ ሰረዝ ቲ» ላይ የድራይቨሩ ቦታ ባዶ ይሆናል። ያኔ እውነትም የድራይቨር ችግር ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩ ሞደሙን ማናገር ያቃተው ሆኖ አይደለም። የሞደሙ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ብቻ ነው።

ኦፕሽን ድራይቨርን ቁጥሩን እዚያው ማስተማር ይቻላል። መጀመሪያ «ሱዶ ሞድፕሮብ ኦፕሽን» በሉ። ከዚያ በሩት (በአስተዳዳሪው) ሆናችሁ፣ በ«ሲስ» ስር፣ ከዚያ «ባስ»፣ ከዚያ «ዩኤስቢ-ሲሪያል»፣ ከዚያ «ድራይቨርስ»፣ ከዚያ «ኦፕሽን1» ውስጥ «ኒው_አይዲ» የሚል ፋይል አለ። ሁለቱን ቁጥሮች በመሃላቸው ክፍት ቦታ አድርጋችሁ «ኤኮ» በሚለው ኮማንድ እዚያ ፋይል ውስጥ ጻፏቸው። ወዲያው ዲሜስጉ ላይ «ጂኤስኤም ሞደም» የሚለው መስመር ይወርዳል። ላፕቶፑ ሲጠፋ ይረሳዋል፤ ስለዚህ ሲነሳ እንዲጽፈው ማድረግ ያስፈልጋል።

ከሠራላችሁ ግን እዚያ አታቁሙት። ከርነሉ ውስጥ ያለው ዝርዝር በሰው እጅ የተጻፈ ነው፤ አንድ ሞደም የሚጨመረው በአንድ መስመር ነው። ቁጥሩን፣ የሞደሙን ስም፣ የ«ዩኤስቢ-ዲቫይሲስ» ኮማንድ ያወጣውን ጽሑፍ አያይዛችሁ ለከርነል አልሚዎቹ ብትልኩ፣ በሚቀጥለው እትም ያ ሞደም ለሁሉም ሰው ሲሰካ ይሠራል። የኦፕሬተሮች ኤፒኤን የተሰበሰበበትም «ሞባይል ብሮድባንድ ፕሮቫይደር ኢንፎ» የሚባል ክፍት ፋይል አለ። የኛ አገር ኦፕሬተሮች ነገር እዚያ ውስጥ ትክክል መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ሞደም የያዛችሁ ወደ ፊት ጠረጴዛው ኑ። ከመሰካታችሁ በፊት ተርሚናል ክፈቱና ዲሜስጉን አስነሱት። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።